የአሮጌ ቤንዚን ትራክተር ካርቡሬተር፦ አስተካከሉና የብልሽት ፍለጋው በፎርድ 8ኤን ላይ

ትራክተሩ አልነሳ ሲል፣ ሲያስነጥስ ወይም ጥቁር ጭስ ሲተፋ አብዛኛው ሰው ካቻቢቴ ይዞ የሚሮጠው ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ወደሚሰጠው ዕቃ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ነው። ማስተካከያ መርፌዎቹ ከውጭ ስለሚታዩ እጅ ይጠራሉ። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የለም፤ ወይ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ታግቷል፣ ወይ እሳቱ ደክሟል። ትናንት ደህና ሲሠራ የዋለ ሞተር ዛሬ ቢያስቸግር፣ መርፌው ሌሊት ራሱን አላዞረም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ሳትነኩ የሚፈተሸውን ፈትሹ።

እዚህ የያዝነው ፎርድ 8ኤንን ነው። ከ1947 እስከ 1952 ሚሺጋን ውስጥ በሃይላንድ ፓርክ ከ500,000 በላይ ተሠርቶ፣ ዛሬም በአሜሪካ ትንንሽ እርሻዎች ላይ ሣር ሲያጭድና በረዶ ሲገፋ ይውላል። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 2 ሊትር የማይሞላ ነው። ካርቡሬተሩ ማርቬል-ሼብለር ቲኤስኤክስ-241 ይባላል። የዚሁ የቲኤስኤክስ ዘመዶች በፈርጉሰን ቲኦ-20፣ በአሊስ-ቻልመርስና በሌሎችም አሮጌ ትራክተሮች ላይ ስላሉ አሠራሩ ያገለግላል፤ ልኮቹን ግን ከየራሳቸው ማኑዋል ውሰዱ። አገር ቤት የምናውቃቸው ማሲ ፈርጉሰኖች አብዛኞቹ ናፍጣ ስለሆኑ ካርቡሬተር የላቸውም። በመስኖ ላይ ያለችውን ትንሿን የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ለሚጠግን ሰው ግን የብልሽት ፍለጋው ቅደም ተከተል ያው ነው።

መጀመሪያ እሳቱ

አንድ ካንዴላ ፍቱ፤ ገመዱን መልሳችሁ አጥልቁበትና ብረቱን ከካርቡሬተሩ ራቅ ባለ ንጹሕ የሞተር አካል ላይ አስነኩት። ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዙት፤ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። ሞተሪኖው ሲዞር ሰማያዊ፣ ጥቅ ጥቅ የሚል ብልጭታ መታየት አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ካርቡሬተሩን እርሱት።

የካንዴላው ክፍተት 0.025 ኢንች (0.64 ሚሊ ሜትር) ነው። የፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት እንደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ዓይነት ይለያያል፦ ከሞተሩ ፊት ለፊት የተገጠመለት (እስከ 1950 አጋማሽ የተሠራው) 0.015 ኢንች፣ ጎን ላይ የተገጠመለት ደግሞ 0.025 ኢንች ይፈልጋል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። የአቀጣጠሉ ተራ 1-2-4-3 ነው። እጃቸው 1-3-4-2 የለመደ መካኒኮች ገመዱን አቀያይረው ከጨረሱ በኋላ ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ሲተኩስ ካርቡሬተሩን ይከሳሉ። ባትሪው ከፋብሪካው ሲወጣ 6 ቮልት ሆኖ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ ቀድሞ ከነበረ ባለቤት የተገዛ ከሆነ ወደ 12 ቮልት ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አይታችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ቤንዚኑ

8ኤን የቤንዚን ፓምፕ የለውም፤ ቤንዚኑ ከታንኩ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻም ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይቺን ሙከራ ሥሩ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራና ብልጭታ የሚያወጣ ነገር በአካባቢው ሳይኖር፣ ከካርቡሬተሩ ሳህን (ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፍቱና ቤንዚኑን ግማሽ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ተቀበሉ። መጀመሪያ ሳህኑ ውስጥ የነበረው ደፍ ይላል፤ ይሄ አያታልላችሁ። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሳይቋረጥ እየወረደ ግማሽ ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መሙላት አለበት። ቀጥኖ ጠብ ጠብ ካለ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ፍቱና ከቱቦው ጫፍ እንደገና ሞክሩ። እዚያ በደንብ ከወረደ እገዳው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፦ ወይ የመግቢያው ወንፊት፣ ወይ የተጣበቀ የጋለጃንቴ (ሳህኑ ሲሞላ ቤንዚኑን የሚያዘጋው ተንሳፋፊ) መርፌ። እዚያም ከቀጠነ ወደ ታንኩ ውጡ።

በመንገዱ ላይ ሦስት ወንፊቶች አሉ። አንዱ ታንኩ ውስጥ በቆመው ቱቦ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከታንኩ ሥር በተንጠለጠለው የመስተዋት ዝቃጭ ማጠራቀሚያ አናት ላይ ነው፤ ሦስተኛው ካርቡሬተሩ ላይ በተገጠመችው የነሐስ ክርን ውስጥ ተደብቋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም፤ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አጽድቶ ያቺን ክርን ሳይነካት የሚመልስ ሞልቷል። ክርኗን ስትመልሱ አታጥብቋት። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ስለሆነ ጥርሱ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው።

የታንኩ ቧንቧም የራሱ ጠባይ አለው። ሁለት ዙር ያህል ስትከፍቱት ዋናውን ቤንዚን ይሰጣል፤ እስከ መጨረሻ ስትከፍቱት መጠባበቂያውን፣ አንድ ጋሎን ገደማ፣ ይለቃል። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የሚሠራ ሰው መጠባበቂያ የለውም፤ ከታንኩ ወለል ላይ ያለውን ውሃና ዝገትም አብሮ ይጎትታል።

የታንኩ ክዳን መተንፈሻም ይታይ። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ቀስ እያለ ከሞተና ትንሽ ቆይቶ ከተነሳ፣ በቆመበት ቅጽበት ክዳኑን ላላ አድርጉት። አየር ስቦ ፉት ካለና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑ ለውጥ ካላመጣ ሳይቀዘቅዝ እሳቱን ፈትሹ፤ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ልክ የቤንዚን እጥረት ይመስላል። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ቤንዚን ያነሰው ሞተር እየተንገታገተ ይሞታል፣ እሳት ያጣው ግን ቁልፍ እንደተዘጋበት ቀጥ ይላል።

ማስተካከል

ካርቡሬተሩ ላይ የሚዞሩ ሦስት ነገሮች አሉ። የዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚለካው ቀጭን ቀዳዳ) መርፌ ከታች በሳህኑ በኩል ነው፤ ሞተሩ ሥራ ላይ ሲሆን የሚበላውን ይወስናል። የሚኒሞው መርፌ ከላይ በኩል ሲሆን ሞተሩ ሳይሠራ ሲጠብቅ ያለውን ቅልቅል ይይዛል። ሦስተኛው ፋርፋላው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቅልቅል የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) እጀታ ላይ ያለው የሚኒሞ ፍጥነት ቡሎን ነው፤ እሱ ቅልቅሉን አይነካም፣ ፋርፋላው ምን ያህል እንዳይዘጋ ብቻ ይደግፋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን ዘይት ቀይሩ። የዘይት ገንዳ ያለው ዓይነት ስለሆነ ገንዳው በጭቃ ከሞላ ሞተሩ ይታፈናል፤ በታፈነ ሞተር ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ማጣሪያው በጸዳ ማግሥት ይዛባል። ቾኩ (ሞተሩ ሲነሳ አየሩን የሚቀንሰው መዝጊያ) ሲከፈት ሙሉ በሙሉ መከፈቱንም ሽቦውን ሳይሆን እጀታውን እያያችሁ አረጋግጡ።

1. ሁለቱንም መርፌዎች በቀኝ በኩል አዙራችሁ በጣት ኃይል ብቻ እስኪነኩ ዝጉ። በካቻቢቴ አታጥብቁ። የመርፌው ሾጣጣ ጫፍ ላይ ክብ ጭረት ከወጣ ያ መርፌ ከእንግዲህ በትክክል አይስተካከልም፤ ይለወጣል። ከዚያ ዋናውን አንድ ዙር ተኩል፣ የሚኒሞውን አንድ ዙር ክፈቱ። ይህ መነሻ ነው።

2. ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ አሙቁት። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ሁሉ ሲሞቅ በቤንዚን ይጠግባል። ይህ ሁሉ በውጭ አየር ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል።

3. የነዳጅ መስጫውን ወደ ሦስት አራተኛ አድርጉ። የዋናውን መርፌ በስምንተኛ ዙር እየቆጠራችሁ ዝጉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ሞተሩ ለውጡን እስኪያሰማ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ቦታውን በልባችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ መክፈት ሂዱ፤ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይከብድና ጭስ ያመጣል። በሁለቱ መሐል አስቀምጡት።

4. የነዳጅ መስጫውን ወደ ሚኒሞ መልሱና ፍጥነቱን በቡሎኑ በደቂቃ ከ400 እስከ 450 ዙር አድርጉ። የሚኒሞውን መርፌ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩና ሞተሩ በጣም የሚለሰልስበት ላይ ተዉት። እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ አለ፦ በአንዳንድ ካርቡሬተር የሚኒሞው መርፌ የሚቆጣጠረው አየርን ነው፣ በሌላው ቤንዚንን። አየር ላይ ከሆነ መዝጋት ቅልቅሉን ያወፍራል (ቤንዚኑ ይበዛል)፣ ቤንዚን ላይ ከሆነ ያቀጥናል (ቤንዚኑ ያንሳል)። ስለዚህ «ዝጋው ይቀጥናል» የሚለውን ምክር ሳይሆን ጆሯችሁን እመኑ። ሞተሩ ሲለሰልስ ፍጥነቱ ስለሚጨምር በቡሎኑ መልሱት።

5. የነዳጅ መስጫውን ከሚኒሞ በአንድ ጊዜ ክፈቱት። ሞተሩ ሳያመነታ ከተነሳ ጥሩ። ቢያንቀው ወይም በአየር መግቢያው በኩል ቢተኩስ ዋናውን ስምንተኛ ዙር ክፈቱና ድገሙ። ጥቁር ጭስ ካወጣ ዝጉ።

6. ሥራ ላይ አውጡት። ሞተሩ በባዶ እየለሰለሰ ሣር ማጨጃው ሲገባበት ከደከመ ዋናው መርፌ ገና ቀጥኗል። ፈጣኑ ፍተሻ ቾኩን በትንሹ መሳብ ነው፦ ጉልበት ካገኘ መርፌውን ክፈቱ፤ ከባሰበት ችግሩ የቤንዚን ማነስ አይደለም።

ሁለቱ መርፌዎች ስለሚነካኩ አራተኛውን ደረጃ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጨርሱ። ዋናው መርፌ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ካልተከፈተ አልሠራም ካለ ማስተካከሉን አቁሙ። የታፈነ ጂግለርን ወይም የሆነ ቦታ የሚገባ አየርን በመርፌ ለመሸፈን እየሞከራችሁ ነው።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። አየሩ ሲሳሳ ያው ቤንዚን ይበዛበታል፤ በባሕር ጠለል አጠገብ የተስተካከለ ሞተር ዴንቨር ላይ፣ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ዋናውን መርፌ ጥቂት መዝጋት ይጠይቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አካባቢ የምትሠራ፣ የሚዞር መርፌ የሌላት ትንሽ ፓምፕ ካንዴላዋን ቶሎ ቶሎ የምታጠቁርበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፈትቶ ማጽዳት

ቧንቧውን ዝጉ፣ የባትሪውን የአካል ገመድ አውልቁ። መርፌዎቹን ከማውጣታችሁ በፊት እስኪዘጉ ስንት ዙር እንደሄዱ ቆጥራችሁ ጻፉ። ካርቡሬተሩን ከኮሌቶሩ (ቅልቅሉን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቱቦ) ጋር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈትታችሁ አውርዱት።

ሳህኑ ውስጥ የምታዩት ነገር ይናገራል። ቀይ ዱቄት የታንክ ዝገት ነው፤ ታንኩ ካልጸዳ በሳምንቱ ትመለሳላችሁ። የሚያጣብቅ ቡናማ ሙጫ የቆመ ቤንዚን ነው። ከታች እንደ እንቁላል ነጭ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ውሃ ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን ውስጥ ያለው አሥር በመቶ ገደማ ኤታኖል (የአልኮል ዓይነት) ውሃ ስለሚስብ ይህ እየበዛ ሄዷል።

ጋለጃንቴውን፣ ጋስኬቱንና ጎማ ያለበትን ሁሉ ካወጣችሁ በኋላ ብቻ አካሉን በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፉ። ጂግለሮቹን በሽቦና በቀጭን መሰርሰሪያ አትጎርጉሩ፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን ይበዛበታል። የናይለን ክር ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ንፉ፤ በአንዱ የገባው አየር በሌላው ሲወጣ በጣታችሁ ጫፍ ካልተሰማ አልጸዳም። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የሚገኘው የሚኒሞው ቀጭን መንገድ ነው። መነጽር አድርጉ፤ ማጽጃው ካላሰባችሁት ቀዳዳ ወደ ዓይን ይመጣል።

ጋለጃንቴውን አንቀጥቅጡት። ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷል። ካልተሰማ በሙቅ ውሃ ውስጥ አጥልቁት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አዲስ መግዛት ይሻላል። መበየድ ውስጡ የቀረ ቤንዚን ሊያፈነዳው ይችላል፣ የቆርቆሮው ክብደትም ልኩን ያዛባል።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል፦ የላይኛውን አካል ከነጋስኬቱ ገልብጡት፣ ጋለጃንቴው በራሱ ክብደት በመርፌው ላይ ይረፍ። ከጋስኬቱ እስከ ቅርቡ የጋለጃንቴ ጠርዝ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሚሊ ሜትር፣ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ጎን እኩል። የ6.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ጎኑን አስገብታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ካልሆነ ትንሿን ምላስ አጠፍ አድርጉ፤ ጋለጃንቴውን ራሱን ተጭናችሁ ግን አታስተካክሉ፣ የመርፌውን ጫፍ ይጎዳዋል። እንደተገለበጠ ቤንዚን መግቢያው ላይ በአፍ ንፉ። አየር ካለፈ መርፌውና መቀመጫው አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱን ብቻ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ስትገጥሙ ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። ቡሎኖቹን በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ።

ከካርቡሬተሩ ውጭ ያሉ ሁለት አሳሳቾች

የፋርፋላው ዘንግ። እጀታውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተንገጫገጨ በዘንጉ ዙሪያ አየር ይገባል፣ ሚኒሞው መቼም አይረጋም። በኮሌቶሩ ጋስኬት የሚገባ አየርም ያንኑ ምልክት ያሳያል። ሞተሩ ገና እንደተነሳ፣ ኮሌቶሩ ሳይግል፣ በመርጫ ጠርሙስ ቀጭን የውሃ ጉም መጋጠሚያው ላይ ርጩ። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ የሚያፈስበት ነው። በዚህ ሞተር ላይ የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ኮሌቶር አንድ አካል ስለሆኑ የሚቀጣጠል ማጽጃ መርጨት እሳት መጥራት ነው፤ ሌሎች ሲያደርጉት ብታዩም አታድርጉ።

ገቨርነሩ፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው። ሞተሩ ጠፍቶ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ስትከፍቱ ፋርፋላውም እስከ መቆሚያው መከፈት አለበት። ካልደረሰ የሚያገናኘው ዘንግ ርዝመት ተዛብቷል፤ ጉልበት የጎደለው እዚያ ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹ ሳይያዙ በነፃ መንቀሳቀሳቸውን እዩ፣ ቀጥሎ ዋናውን መርፌ ስምንተኛ ዙር ክፈቱ።

ምልክቱ ሲታይ

ቾክ ተስቦ ብቻ የሚሠራ፣ ሲመለስ የሚሞት፦ ቤንዚን አንሶታል። የፍሰቱን ሙከራ ሥሩ፤ ፍሰቱ ደህና ከሆነ የጂግለሩ መንገድ ታፍኗል ወይም አየር ይገባል።

ጥቁር ጭስና በደረቅ ጥላሸት የተሸፈነ ካንዴላ፦ ቤንዚን በዝቶበታል። ቾኩ አልተከፈተም፣ ማጣሪያው ታፍኗል፣ ወይም ጋለጃንቴው ከልኩ ወጥቷል። ጥላሸቱ ደረቅ ሳይሆን በዘይት የራሰ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቮላው መሪ ነው እንጂ ካርቡሬተሩ አይደለም። ነጣ ብሎ የተቃጠለ ካንዴላ የመቅጠን ምልክት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ማሠራት ቫልቮላ ይበላል። ደረቅ ቡና መልክ ከሆነ አትንኩት።

ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚንጠባጠብ፦ አየሩ ከታች ወደ ላይ የሚሄድበት ዓይነት ስለሆነ የተረፈው ቤንዚን ወደ ታች ይመለሳል። ቾክ አብዝታችሁ ከሆነ ጥቂት ጠብታ የተለመደ ነው፣ ይቆማል። ሞተሩ ቆሞ ቧንቧው ክፍት እያለ የማያቋርጥ ከሆነ ግን የጋለጃንቴው መርፌ አልዘጋም። ቆሻሻ ከሆነ ሳህኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መምታት አንዳንዴ ይለቀዋል፤ ካልለቀቀው ፍቱት። ምንም ሆነ ምን ትራክተሩን ስታቆሙ ቧንቧውን የመዝጋት ልማድ ይኑራችሁ።

ለወራት ሳይሠራ የሚቆም ከሆነ ቧንቧውን ዘግታችሁ ሞተሩ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ጨርሶ እስኪሞት አሠሩት፤ የቀረውን በማፍሰሻው አውጡ።

አዲስ ካርቡሬተር ስለመግዛት

በርካሽ የሚሸጡት ቅጂዎች ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ የጂግለራቸው ቀዳዳና የመርፌያቸው ሹል ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም፣ ከሣጥኑ እንደወጡ የሚያፈሱም አሉ። አካሉ ያልተሰነጠቀና የክር ጥርሱ ያልተበላ የድሮ ማርቬል-ሼብለር ካላችሁ የጥገና ኪት፣ ማለትም መርፌና መቀመጫ፣ ጋስኬትና የዘንግ ማኅተም፣ ገዝቶ ማደስ ይሻላል። ዘንጉ ያረጀ ከሆነ ዘንጉን ለውጦ አካሉ ላይ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ቶርኖ ላለው ባለሙያ ቀላል ሥራ ነው። አዲስ መግዛት ግድ ከሆነም ኪቱን ወይም ካርቡሬተሩን ስታዙ በትራክተሩ ሞዴል ብቻ አትዘዙ። በሰባ ዓመት ውስጥ ካርቡሬተሩ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ አይታወቅም፤ በአካሉ ላይ የተመታውን የቲኤስኤክስ ቁጥር አንብባችሁ በእሱ ጠይቁ።